ዓለሚቱ ለስቅለት እግሯን ስታዘጋጅ

ዓለሚቱን በደንብ አውቃታለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሱቆቻችን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፤ እሷ ልብስ ትሰፋለች። አገሯን አንድ ጊዜ ብጠይቃት «ስማዳ ነው» አለችኝ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለደንበኛዋ «እኛ የእስቴ ሰዎች» ስትል ሰማኋት። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደግሜ አልጠየቅሁም። ባል እንደነበራት ሰው ነግሮኛል፣ ከእሷ አፍ ግን ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና በግድግዳው በኩል የሰማሁትን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

በግድግዳው በኩል የምሰማው እግሯን ነው። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ድምፁ ቆርቆሮውን አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። እንደ ሌላ ሰፊ ረጋ ብሎ አይሄድም። በሩጫ ይጀምርና ድንገት ይቆማል። ከዚያ ወንበሯ ሲገፋ ይሰማል፣ ወደ በረንዳው ወጥታ መንገዱን ግራና ቀኝ ታያለች፣ ትመለሳለች፣ መኪናው እንደገና ይሮጣል። እጅጌ ሰፍታ ሳትጨርስ ሁለት ሦስት ጊዜ የምትወጣበት ቀን አለ። ሰው ትጠብቅ እንደሆነ፣ ወይስ መቀመጥ ብቻ ይጨንቃት እንደሆነ አላውቅም። ከተማችን ንፋስ መውጫ ላይ ንፋሱም አያስቀምጥም፤ ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰብስቦ ፈጠን ፈጠን እያለ ነው የሚሄደው። እሷ ግን ንፋስ በሌለበት ቀንም እንዲያ ነች።

ያለፈው ዓመት ስቅለት ዕለት አጠገቤ ነበር የምትሰግደው። ሌላው ሰው ጉልበቱን እያሰበ፣ እጁን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ቀስ ብሎ ይሰግዳል። ዓለሚቱ ካህኑ «ኪርያላይሶን» ብለው ሳይጨርሱ ወድቃ ተነሥታ፣ ቆማ ትጠብቃለች። እስከ ቀትር በዚያው ሁኔታ ቀጠለች። ከቀትር በኋላ ጭኖቿ ሲንቀጠቀጡ በቀሚሷ ላይ እንኳ ይታይ ነበር። ከዚያ አንዴ ግንባሯ መሬት ነክቶ ቀረ። የምታለቅስ መስሎን ተውናት። ዝም ብላ ስትቆይብን ሴቶቹ ብብቷን ይዘው አነሷትና ከወይራው ሥር አስቀመጧት። ያን ጊዜ ፊቷን አየሁት። የደከመ ሰው ፊት አልነበረም፤ የሆነ ነገር ከእጁ ያመለጠው ሰው ፊት ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ ሱቋን የከፈተች ዕለት በረንዳው ላይ አገኘኋት።

«እቴ» አለችኝ፤ «እኔ እኮ ስለት ነበረብኝ።»

«የምን ስለት?»

«ስቅለትን ከነግህ እስከ ማታ ሳልቀመጥ ሰግጄ እጨርሳለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ተቀመጥሁ።»

«አሞሽ ነው እንጂ፣ ወደሽ መች ተቀመጥሽ?»

«የተሳልሁት ሳልቀመጥ ብዬ ነው። ካመመኝ ብዬ ያስቀረሁት ነገር የለም።» የበሯን ቁልፍ ከአንድ እጇ ወደ ሌላው እጇ እያቀያየረች ቆየች። «ለከርሞ» አለችና ገባች። መኪናው ሲሮጥ ሰማሁ።

በዚያው ዓመቱ አለፈ። እኔ ረስቼው ነበር።

እኛ ከተማ እሑድ እሑድ ማስ ስፖርት አለ። መጀመሪያ በማለዳ ነበር የሚደረገው፤ ሰው ወደ ቅዳሴ እየሄደ መንገዱ ባዶ ስለቀረ ከቅዳሴ መልስ እንዲሆን ተደረገ። እኔ የምሄደው የደም ግፊት አለብሽ ስለተባልሁ ነው፤ ሁልጊዜም ከኋላ እቆማለሁ። የሚመራን ተስፋሁን ይባላል፤ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነው፣ ገና ወጣት ነው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። በጾም ሙዚቃ ስለማይከፈት ሁሉንም ነገር በዚያ ፊሽካ ነው የሚያሠራን።

ዘንድሮ ዓቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው እሑድ ዓለሚቱ መጣች። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ በነጠላዋ ወገቧ ላይ አስራለች፤ ከሥሩ የራሷ ስፌት የሆነ ሱሪ ለብሳለች። ከቅዳሴ በሩጫ ነው የመጣችው። እንደደረሰች መሮጧን ቀጠለች፤ እኛ ገና ክንዳችንን እያወዛወዝን ነበር።

መሬት አስተዳደር የሚሠራው ብርሃኔ አያት። ብርሃኔ ስፖርት የሚመጣው ለወሬ ነው።

«ዓለሚቱ! መኪናሽን ዛሬ ማን ሊረግጥልሽ ነው?»

«አንተማ አትረግጣት። ቦርጭህ ከጠረጴዛው ሥር አይገባ።»

ሰው ሳቀ። ተስፋሁን ፊሽካውን ነፋ። «እት ዓለሚቱ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! በቀዝቃዛ ጡንቻ ነው እኮ የሚሮጡት።»

«ምኑ ነው ቀዝቃዛው? ከደብሩ ጀምሬ እየሮጥሁ ነው የመጣሁ።»

«እሱንም በእርምጃ ነበር መጀመር የነበረብዎት። መጀመሪያ መራመድ፣ ከዚያ ፈጠን ማለት፣ ሰውነት ላብ ላብ ሲለው ነው መሮጥ። በዚህ ንፋስ ሳይሟሟቁ የተነሡ እንደሆነ ጡንቻ ይያዛል፤ ባሰ ቢል ይበጠሳል።»

ሰልፍ ውስጥ ገባች። ግን እኛ ስንራመድ እሷ ባለችበት ትዘል ነበር።

መጨረሻ ላይ ተስፋሁን ሁላችንም የምንጠላውን እንቅስቃሴ አዘዘ። እሱ በርፒ ይለዋል፤ ብርሃኔ «በርበሬው መጣ» ይላል። ቁጢጥ ብሎ እጅን መሬት ላይ ማሳረፍ፣ እግርን ወደ ኋላ መዘርጋት፣ ደረትን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ መልሶ ተነሥቶ መቆም ነው። ሁላችንም እያቃሰትን ወረድን። ዓለሚቱ ብቻ ቆማ ቀረች። ስትሮጥና ስትዘል የቆየችው ሴት እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ምነው፣ አሞዎት ነው?» አለ ተስፋሁን።

«ዛሬ እሑድ ነው።»

«አዎ?»

«በሰንበት አይሰገድም።»

ተስፋሁን ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «ይኼ እኮ ስግደት አይደለም። ስፖርት ነው።»

«ወድቄ፣ ግንባሬ መሬት አጠገብ ደርሶ እነሣለሁ። ስግደት እንዲህ ነው። እኔ ይኼን በእሑድ አላደርገውም።»

ይሄኔ መሬት ላይ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። ሌላዋ ተከተለቻት። ብርሃኔ በደረቱ እንደተኛ «እውነቷን ነው! እኔም በሰንበት አልሰግድም!» ብሎ ከሁሉም ፈጥኖ ብድግ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርፒ ከእሑድ ስፖርት ወጣ። ብርሃኔ እስከዛሬ ዓለሚቱን ያመሰግናታል።

ስንበታተን ተስፋሁንን ፈልጋ ያዘችው። እኔም አብሬያት የምሄድ ስለሆንሁ ቆሜ ሰማሁ። ሳትቀመጥ ቀኑን ሙሉ መስገድ እንዳለባት፣ አምና ጭኗ ክዷት እንደወደቀች ነገረችው። «እግሬን ለዚያ ቀን አዘጋጅልኝ» አለችው። ስለት መሆኑንም ነገረችው። ስለምን እንደተሳለች ግን አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ተስፋሁን ደስ አለው። እንደ ውድድር ነው ያየው። «እስከ ሕማማት ድረስ በቂ ጊዜ አለን። በትንሹ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። አንድ ቀን ሰግደው አንድ ቀን ይረፉ፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። ማታ ማታ ጾም ከፈቱ በኋላ ውሃ ደህና አድርገው ይጠጡ። ስፌቱንም በአንድ እግር ብቻ አይርገጡ።»

«ማረፉ ይቅርብኝ።»

«እሱ ዋናው ነው እኮ!»

«እሺ» አለች። እሺ ስትል ግን ዓይኗ አስፋልቱ ላይ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መኪናው ዝም አለ። በምትኩ ከግድግዳው ማዶ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ደብተሮች ይነቃነቁ ነበር። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ሰው «ምንድን ነው የሚወድቀው?» አለኝ። ጎረቤቴ ዕቃ እያነሣች ነው አልሁት። ዱቡ እስክዘጋ ድረስ አላቆመም። ማክሰኞ ማረፊያዋ ነበር፤ ማክሰኞም ሰማሁት።

ረቡዕ በረንዳው ላይ ወጥታ ደረጃውን መውረድ አቃታት። ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ምሰሶውን ይዛ፣ ጎኗን አዙራ፣ እንደ ሸርጣን ወረደች። ልቀመጥ ስትል ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ጭኗ እምቢ ብሏት ወንበሩ ላይ ተወረወረች።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አለችኝ።

«አልሳቅሁም።»

«በሆድሽ ስቀሻል።»

ስቄ ነበር።

በዚያው ቀን እማማ አዛለች ጋ ሄደች። እማማ አዛለች የተቋጠረ ጅማት በማሸት የታወቁ አሮጊት ናቸው። ጾም ስለሆነ ቅቤ አልነኩም፤ ዘይት አሙቀው ጭኗን በክርናቸው ጭምር አሿት። «ከልብሽ ካልጮህሽ አይለቅም» ይሏት እንደነበር በኋላ እሷው ነገረችኝ። እሷ ደግሞ አልጮህም ብላ ጥርሷን ነከሰች፤ እሳቸውም አልለቀቀም ብለው አበረቱት። በማግሥቱ ጭኗ በልዞ ነበር። መኪናው ቀኑን ሙሉ አልተሰማም። ያ ዝምታ አስጨነቀኝ። ዓመታት ስለ ድምፁ ሳማርር ኖሬ፣ ሲጠፋ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ደፋር ሰው አይደለሁም፤ ግን ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ተስፋሁንን ጠራሁት።

ሲመጣ ቆማ ነው ያገኛት፤ ቆማ በእጇ ቁልፍ ትተክል ነበር። ሕመሙ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ ጠየቃት። በሁለቱም ጭኖቿ እኩል ነው፣ ስሰግድ ምንም አላመመኝም፣ በማግሥቱ ነው የጀመረኝ አለች።

«እንግዲያው ክፉ አይደለም» አለ ተስፋሁን። «ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ እንዲህ ነው። በሁለተኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። መፍራት ያለብዎት ሌላውን ነው፦ እየሠሩ ሳለ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቢላ የሚወጋዎትን፣ ወይም የሚያብጠውን። እሱ ከመጣ ወዲያው ማቆም ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ ስግደት የለም። አሁን ግን በክርን ማሸት አይሆንም፤ የተጎዳን ጡንቻ እንደገና መጉዳት ነው። በሞቀ ውሃ ጨርቅ ነክረው ያኑሩበት፤ ቀስ ብለው በእግርዎ ይንሸራሸሩ።»

«እማማ አዛለችን እንዳትናገርብኝ፤ ይቀየማሉ።»

«አልናገርም። የሞቀ ውሃውን እሳቸውም ያውቁታል፣ ይጠይቋቸው። እና ደግሞ ይረፉ፣ እባክዎ።»

«ማረፍ አልችልበትም፤ ስቀመጥ ይብስብኛል» አለች። ቁልፉን ለቀቀችው፤ መርፌው ጨርቁ ላይ ተንጠለጠለ። «እግሬን ማለቴ አይደለም።»

ተስፋሁን ወደ እኔ ዞረ። ምን እንዳለች እኔ እንድነግረው የጠበቀ መሰለኝ።

መጨረሻ ላይ የተስማሙበት እንዲህ ሆነ። በማረፊያዋ ቀን አትሰግድም፣ አትቀመጥምም፤ ሱቅ ስንዘጋ እኔና እሷ ከከተማው ዳር ድረስ በእርምጃ ሄደን እንመለሳለን። ተስፋሁን ለእኔ የሰጠኝ ሥራ እንዳትሮጥ መጠበቅ ነበር። ይህን ሥራ በደንብ ሠርቻለሁ ለማለት አልደፍርም። ዓለሚቱ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ «ቀስ በይ!» እላለሁ፤ ትቆማለች፣ ተስፋሁን እንዳሳያት ባቷን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ታፍታታለች፣ ስደርስባት መልሳ ትሄዳለች። ቤቶቹ አልቀው የተገለጠው የገብስ ማሳ ሲጀምር ንፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ይበትነዋል። እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ቆም ብላ መኪናዎቹ የሚመጡበትን ጥምዝ ታያለች። ሚኒባስ ከመጣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ከዚያ «እንመለስ» ትላለች።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። የማረፊያዋን ቀን ማክበር ስትጀምር ደረጃውን ቀጥ ብላ መውረድ ቻለች። ከግድግዳው ማዶ ያለው ዱብታም ተለወጠ፤ ቀስ ያለ፣ የሚተነፍስ ሆነ። መደርደሪያዬ አይነቃነቅም። ግራ እግሯንም መኪናው ላይ አለማመደችው፤ መጀመሪያ የሰፋችው ቀሚስ ጠርዙ ተጣሞ እንደገና ፈታችው። እኔም ሳላስበው ትንፋሼ ረዘመ። ግን አንድ ነገር አስጨነቃት። ከመንገድ ስንመለስ አንድ ቀን ጠየቀችኝ።

«እቴ፣ ለስግደት ጉልበት መቆጠብ ኃጢአት ይሆን?»

«እንዴት?»

«ተስፋሁን እንዳለው ከሆነ፣ የሕማማት ሰኞና ማክሰኞ ሁሉንም መስገድ የለብኝም። ዓርብን ለማድረስ ግማሹን ልተው ነው። እግዜር ደግሞ ያያል።»

ካህን ጠይቂ አልኋት። «ካህን ብጠይቅ ስለምን ተሳልሽ ይለኛል» አለችና ፈጥና ሄደች። እንደገና ከኋላ ቀረሁ።

የሕማማት ሳምንት ገባ። በዚያ ሳምንት ሰው እጅ አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ዓለሚቱ ሰኞ ጥቂት ሰግዳ ቆመች። ለእሷ መቆሙ ከስግደቱ የባሰ ነበር። ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው ትዛወራለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ትፈታለች። ከኋላችን አንዷ ሴት ለጓደኛዋ «አምና ያን ያህል ስትወራጭ፣ ዘንድሮ ምነው ሰነፈች?» ስትል ሁለታችንም ሰማን። ዓለሚቱ ጆሮዋ ቀላ። ወዲያው ወድቃ ሰገደች፣ ደገመች፣ በሦስተኛው ላይ ነጠላዋን ያዝሁት። ለምን እንደያዝሁት አላውቅም፤ ሰው እንዲህ ነክቼ አላውቅም። ዞራ አየችኝ። ከዚያ ቆመች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተስፋሁን በሱቆቻችን በኩል አለፈ። «ዛሬ ምንም እንዳይሰግዱ» አላት። «ማታ ጉልባኑን ደህና አድርገው ይብሉ። ጨው አለው፣ ባቄላ አለው፣ ስንዴ አለው፤ ለነገው እግርዎ ነው። ውሃም ይጠጡ። ነገ እስከ ማታ ውሃ የለምና።»

«ጉልባን ለእግር ነው ብሎ ያስተማረ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«ይሳቁብኝ፤ ግን ይብሉ።»

ስቅለት ዕለት ፀሐዩ ከማለዳው ነበር የከረረው። ግቢው እስከ ካቡ ድረስ ነጭ ሆኖ ነበር። እኛ በሴቶች ወገን አምና የነበርንበት ቦታ ቆምን። እሷው ናት እዚያው እንቁም ያለችው። እማማ አዛለች ከፊታችን መቋሚያቸውን ይዘው ነበሩ። ዓለሚቱ ሌላው ሰው ሳይመጣ ግቢውን ዞር ዞር ብላ፣ እግሯን አፍታትታ ነበር የጀመረችው። ስትሰግድ አየኋት፤ እጇን አስቀድማ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ሳትቸኩል። ካህኑን አትቀድምም። አንዳንዴ ብቻ ትከሻዋ ቀድሞ ሊሄድ ሲል፣ ራሷን ስትይዝ ይታየኛል።

ቀትር አለፈ። አምና የወደቀችበት ሰዓት ደርሶ አለፈ። ጭኗ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ራሴ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ፤ እኔ ስለት የለብኝም። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከስግደት ስትነሣ፣ ድምፅ አወጣች። ትንሽ ድምፅ ነው፣ ውሃ ላይ እንደተጣለ ጠጠር። ቀኝ እግሯ ጣቱ ወደ ታች ተቀስሮ ቀረ። ባቷ በቀሚሷ ላይ ድንጋይ የመሰለ ቋጠሮ ሠርቶ አየሁት።

«ጅማት ያዛት! ባቷን ጅማት ያዛት!» አለች ከኋላችን ያለችው ሴት። ሦስት አራት እጅ ብብቷን ያዘ። «አስቀምጧት፣ ጥላው ሥር አስቀምጧት!»

«አታስቀምጡኝ!» አለች ዓለሚቱ። ማንም አልሰማትም፤ በሕማሟ የምትናገር መሰላቸው። ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ።

በሰው መካከል ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ትምህርት ቤት እያለሁ እንኳ ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት ይጨንቀኝ ነበር። «አታስቀምጧት!» አልሁ። የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ሰዎቹ ወደ እኔ ሲዞሩ ነው። ፊቴ ጋለ፤ የሚቀጥለው ቃል ጠፋብኝ። ቃሉን ያመጡልኝ እማማ አዛለች ናቸው።

«ታዲያ ምን እናርጋት፣ አንቺ ልጅ?»

«ካቡን ትደገፍ። ቆማ። ተረከዟ መሬት ይንካ፣ ጣቶቿ ወደ ላይ።»

«ላሻት?»

«አይ፣ እማማ። በስማም፣ እሱን አሁን ይተዉት። ክንዷን ይያዙልኝ።»

እማማ አዛለች አንዴ አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ዓለሚቱን በወገቧ አቀፏት። በአንድ እግሯ እየነጠረች ካቡ ጋ ደረስን። ሁለት እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች፣ ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ተረከዟን ወደ መሬት ገፋች። ተረከዙ አልወርድ አለ። እኔ ተንበርክኬ በእጄ ይዤ ቀስ አድርጌ ጫንሁት። ከሩቅ ላየን ሰው ካቡን ተደግፋ የምታለቅስ ሴት ነበረች፤ አጠገባችን ያለች አንዲት እናት እሷን አይታ ማልቀስ ጀመረች። ዓለሚቱ ግን አታለቅስም ነበር። በጥርሷ መካከል «ልቀቅ፣ ልቀቅ፣ ልቀቅ» ትለው ነበር፣ ባቷን።

ተረከዙ መሬት ነካ። ቋጠሮው ከእጄ ሥር ሲላላ ተሰማኝ።

«ቀስ በይ» አልኋት። «ወዲያው አትስገጂ። ተንፍሺ።»

«ሰው እየሰገደ ነው።»

«ይስገድ። አንቺ ተንፍሺ።»

ተነፈሰች። ዕድሜ ልኳን ሌላ ሰው ቀስ በይ ብሏት የሰማች አይመስለኝም፤ ያን ጊዜ ሰማች። ጥቂት ቆይታ እግሯን ረገጠችበት፣ ሞከረችው፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በየስግደቱ መካከል ተረከዟን መሬት ላይ ትጫነው ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እግዚኦታው ተጀመረ፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብ ሰገድን። በአራቱም ወገን አብራን ነበረች። በመጨረሻ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ትከሻችንን እየመቱ ሲያሰናብቱን ዓለሚቱ ቆማ ነበር የተመታችው። ቆማ ወጣች። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ እንኳ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ ምሽቱ ገና አልጨለመም ብላ።

ቅዳሜ ከተማው ሁሉ እግር የለውም። ዲያቆናቱ ቄጠማ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ፣ ሰው ቄጠማውን ራሱ ላይ ለማሰር ከመቀመጫው ሲነሣ «ውይ!» ይላል። ብርሃኔ ከባጃጅ ሲወርድ ሁለት ሰው ደግፎታል። «ይኼ ሁሉ የመጣው በእሑድ በርበሬውን ስላስቀረሽው ነው!» እያለ ዓለሚቱን ከመንገዱ ማዶ ሰደባት። ተስፋሁን ራሱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ መጣ። «ለሰው ስናገር ከርሜ ለራሴ አንድ ቀን እንኳ አልተለማመድሁም» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ሆዱን አመመው።

ዓለሚቱ ሁለቱን ደረጃ ቀጥ ብላ ወረደችለት። ከዚያ ወጣች። እንደገና ወረደች። ተስፋሁን አጨበጨበ።

እኔ እንግዲህ ስለቱ ተፈጽሟል፣ አሁን ታርፋለች ብዬ አሰብሁ። የትንሣኤው በዓል አልፎ ሱቅ ስንከፍት መኪናው ረጋ ብሎ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። በሩጫ ጀመረ፣ ድንገት ቆመ፣ ወንበሩ ተገፋ። በረንዳው ላይ ወጥታ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። ተመለሰች። እንደ ድሮው ነው። እንዲያውም የባሰ መሰለኝ፤ ምናልባት እኔ ነኝ አሁን በደንብ የምሰማው።

በዳግማይ ትንሣኤ ስፖርቱ ካለቀ በኋላ፣ ማንም ሳያዘን፣ ከልማድ ብቻ ወደ ከተማው ዳር ሄድን። ንፋሱ ከፊት ነበር። ጥምዙ ጋ ስንደርስ ቆመች። አንድ ሚኒባስ መጣ፣ ሰው አራገፈ፣ አለፈ። የወረዱትን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንዲት ሴት ከነልጆቿ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው። ሁሉም በየመንገዳቸው ሄዱ።

እኔ ሰው የማልጠይቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ተረከዟን በእጄ መያዜ የሰጠኝ መብት ያለ መሰለኝ።

«ዓለሚቱ» አልኋት። «ስለቱ ስለምን ነበር? የለመንሽው መጣልሽ?»

አልተቆጣችም። እግሯን የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አድርጋ ባቷን አፍታታች፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥላ ግራውን፣ እንደተማረችው ሳትቸኩል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

«እቴ፣» አለች፤ «ላብሽ ሳይደርቅብሽ፣ እንሂድ። ቆመሽ ይቀዘቅዝሻል።»

ከፊት ሆና ሄደች።